የቬርና የካልሲ መሳቢያ

ቬርና ሃውግላንድ የተገኙት በዲሴምበር ሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት፣ በገዛ ቤታቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ ነው። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ነበር። አንድ ነጠላ ጫማቸው አራተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ናት፤ የተዋሰችውን የኬክ ሳህን ልትመልስ መጥታ በሩ ሳይቆለፍ አገኘችው።

ኦሪን ስሌተን ደረጃውን ሲወርድ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። ጉልበቱ መስሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የፖሊስ መኪና ስንሠራ ስለ ጉልበቱና ስለ ከተማችን ስለ ሱ ፎልስ በረዶ ሲያማርር እንጂ ስለ ሌላ ነገር ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። ደረቱ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ሁሉም ሰው ካወቀ በኋላ።

"ወድቀው ነው?" አልኩት።

"መነጽራቸው የት አለ፣ ፎስ?"

"ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ። ታጥፎ።"

"መብራቱስ?"

"ጎረቤቷ ስትገባ ጠፍቶ ነበር። እሷ ናት ያበራችው።"

ኦሪንን ሳል ያዘውና አፉን በመሐረብ ሸፈነ። "የማንበቢያ መነጽርሽን አጥፈሽ ኪስሽ የምትከቺው መቼ ነው? ከሰው ጋር ቆመሽ ስታወሪ ነው። ሰውዬው ሲወጣ ደግሞ መብራት አጥፍቶ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሰው መብራት አያባክንም።"

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ምልክት አለ፤ አንድ ሰው ፊት ለፊት አጥብቆ ይዟቸዋል። የሞቱት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው ጌለን ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሥጋ ፋብሪካ ሲሠሩ አከርካሪያቸው ተጎድቶ በብረት ታስሯል። ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋ ወንበር ላይ ጋደም ብለው ይውላሉ፣ እዚያው ያድራሉ። የጆሮ ማዳመጫቸው አጠገባቸው ብርጭቆ ውስጥ ነበር።

"ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ" አሉኝ። "ይህን ነገር ካወለቅሁ ባቡር ቢያልፍብኝ አልሰማም። ቬርና 'ካንተ ጋር ሰላም የሚኖረው ሲመሽ ነው' ትለኝ ነበር።" ከዚያ ወደ ኦሪን ዞሩ። "አንተ ግን ያን ሳል ለሐኪም አሳየው። እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ።"

"የክረምት ነው" አለ ኦሪን።

"የእኔ ጀርባም መጀመሪያ የክረምት ነበር።"

መኝታ ቤቱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። የቬርና የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ካልሲ የለም። አርባ አንድ ክሬዲት ካርድ ነበር፤ በላስቲክ እየታሰረ እንደ ካርታ ተደርድሮ። በእያንዳንዱ ጀርባ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በላዩ በእርሳስ ቀን ተጽፏል፣ ከቀኑ ሥር ደግሞ "ተኝቷል" ወይም "ማስቲካ፣ በዓመት አንዴ"። ሃያ ሁለቱ በቬርና ስም ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ላይ "ጌ" የሚል ፊደል አለ፤ እነሱ የጌለን ናቸው።

"ስንት ካርድ አለዎት?" ስል ጠየቅኋቸው።

"አንድ። ሁለት ይሆናል። ቬርና ናት የምታውቀው። ፈርም ስትለኝ እፈርማለሁ።"

*

አለቃችን ካፒቴኑ አርባ አንዱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየውና ደስ አለው። ሁለት ቀን የበላን የእሱ ደስታ ነው። ቬርና በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአንድ ሱቅ የአምስት መቶ ዶላር የስጦታ ካርድ ይገዙ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ሄደው በዚያ የስጦታ ካርድ የገንዘብ ማዘዣ ያሠራሉ፤ ማዘዣውን ባንክ ያስገባሉ። ካፒቴኑ የወንጀል ገንዘብ የሚያጥብ ቡድን አገኘሁ ብሎ ወደ ፌዴራል መርማሪዎቹ ደወለ።

የሱቋን ገንዘብ ተቀባይ አናገርናት።

"ሴትዮዋ? እሳቸው ሌባ ከሆኑ እኔ ጳጳስ ነኝ" አለች። "በዓመት አንድ ቀን ይመጡና ሃያ ማስቲካ ይገዛሉ። ሃያ ጊዜ፣ በሃያ ካርድ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይሳደባል፤ እሳቸው ለተሳዳቢው አንድ ማስቲካ ይሰጡታል።"

"ለምን እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?"

"'ካርዶቼን እየቀሰቀስኩ ነው' አሉኝ። የሚሄዱበትን የነጥብ ማኅበርም ነገሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውራ ጎዳናው ዳር ፓንኬክ ቤት ይሰበሰባሉ። ሜርል የሚባል ሰው ነው የሚመራቸው።"

ሜርል ኬምፐር የትራክተር መለዋወጫ ሻጭ ነው። ዕድሜው አምሳ ገደማ፣ ሰፊ ፊት፣ ለሳቅ የቀረበ። እዚያው ፓንኬክ ቤት ቀጠረን። ሲቀመጥ ኮፍያውን አውልቆ "ምስኪን ቬርና" አለና እንባውን ጠረገ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያ እንባ የውሸት እንዳልነበር ዛሬም አምናለሁ።

"አርባ አንድ ካርድ ለምን ያስፈልጋል?" አለው ኦሪን።

"ባንኩ አዲስ ካርድ ስታወጣ በሦስት ወር ይህን ያህል ካጠፋህ ይህን ያህል ነጥብ እሰጥሃለሁ ይልሃል። ነጥቡ አውሮፕላን ያሳፍርሃል፣ ሆቴል ያሳድርሃል። አንድ ካርድ ያወጣ ሰው እናቱን ፍሎሪዳ ይጠይቃል። ቬርና ግን አርባ አንድ አወጣች፤ በእሷም በባሏም ስም። ነጥቡን ከወሰደች በኋላ ካርዱን ታስተኛዋለች። ባንኩ እንዳይዘጋባት በዓመት አንድ ማስቲካ ትገዛበታለች።"

"የስጦታ ካርዱስ?"

"የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ጡረታ ይዛ ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት ታጠፋለች? በካርዱ ትገዛለች፣ ወደ ገንዘብ ትመልሰዋለች፣ በዚያው ገንዘብ ካርዱን ትከፍላለች። ሕጋዊ ነው፣ ጌታዬ። አንድ ሳንቲም ወለድ ከፍላ አታውቅም። ባንኮቹ ቬርናን ቢያዩዋት ያለቅሱ ነበር።"

"ምን ልትገዛበት ነው?"

"አልነገሯችሁም? ጌለን መቀመጥ አይችልም። ልጃቸው የምትኖረው ሆላንድ ነው፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ ጌለን አላያቸውም። አውሮፕላን ውስጥ እንደ አልጋ የሚዘረጋ ወንበር አለ። ዋጋው የመኪና ዋጋ ነው። ለሁለት ሰው ደግሞ ሁለት መኪና። አራት ዓመት ለቀመች። ትኬቱን የምቆርጥላት እኔ ነበርኩ፤ ለሁሉም እኔ ነኝ የምቆርጠው።"

የቬርና የመጨረሻ የስልክ ጥሪ ሰኞ ማታ ወደ ሜርል ነበር። ኦሪን ስለ ጥሪው ጠየቀው።

"ስለ ትኬቱ ነው። እኔ ኦማሃ ከተማ፣ ሆቴል ነበርኩ።" ስልኩን አውጥቶ ደረሰኙን አሳየን፤ ሰኞ ገብቶ ማክሰኞ ወጥቷል። "ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ እየበላሁ ነበር። ዋፍሉ ጥሩ ነው። ቡናው እጣቢ።"

ሒሳብ ሲመጣ ኦሪን ከኪሱ አሥር ዶላር አወጣ። ሜርል እጁን ያዘው።

"ተው፣ ተው። ይህ ካርድ ምግብ ቤት ሦስት እጥፍ ይሰጣል።" አሥር ዶላሩን በሁለት ጣት አንስቶ ወደ ኦሪን መለሰለት። "ጥሬ ገንዘብ የሞተ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ኪሴ ገብቶ አያውቅም።"

ወደ መኪናው ስንመለስ ኦሪን ለመተንፈስ በሩን ተደግፎ ቆመ። ኦማሃ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ዋፍል የበላ ሰው በዚያ ንጋት ሱ ፎልስ ውስጥ ሰው አልገደለም።

*

ሐሙስ ፌዴራሎቹ ለካፒቴኑ ሳቁበት። የታጠበ ገንዘብ የለም፤ ሁሉም ሒሳብ ተከፍሏል። ካፒቴኑ የተሳቀበትን ይዞ ወደ ጌለን ዞረ።

"እሁድ ሲጮሁ ጎረቤት ሰምቷል" አለን። "አሥራ ዘጠኝ ካርድ በስማቸው ወጥቷል፤ ሰውዬው አንድ ወይም ሁለት ነው ያሉት። ሰነዱ ደርሷቸው ተናደዋል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።"

"ለመቆም መደገፊያ የሚፈልጉ ሰው ናቸው" አልኩት።

"እጃቸውን አይተሽዋል? ሠላሳ ዓመት በሬ የበለተ እጅ ነው። ነገ በአሥር ሰዓት ታመጧቸዋላችሁ።"

"የእስር ቤቱ ፍራሽ ሁለት ጣት ነው" አለ ኦሪን። "አከርካሪያቸው አይችለውም።"

"እንግዲያው እስከ ነገ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው አምጡልኝ።"

"የሜርልን ስልክ የት እንደነበረ እንይ። ለዳኛው ጻፍልን።"

"የሆቴል ደረሰኝ ላለው ሰው? ዳኛው ወረቀቱን ፊቴ ላይ ነው የሚወረውርብኝ።"

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጌለን ቤት ሄድን። ጎረቤት ያመጣችው የድንች ጥብስ ምድጃው ላይ ሳይነካ ደርቋል። ኦሪን ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ሳያዞሩ እንዲያዩት።

"እሁድ ስለ ምን ነበር የተጣላችሁት?"

"አልሄድም ብያት።" ጣራውን እያዩ ነው የሚያወሩት። "በዚያ በረዶ ለማስቲካ ስትሮጥ ሳያት አንጀቴ አልችል አለ። 'ልጆቹን በስልክ አያቸዋለሁ፣ ይብቃሽ' አልኳት። 'አራት ዓመት የሮጥኩት በስልክ እንድታያቸው ነው?' ብላ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ደንቆሮ ሁልጊዜ ይጮሃል።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ ፊቷ ልክ አልነበረም። 'ቁጥሩ አልገጥም አለኝ፤ ሜርልን እጠይቀዋለሁ' አለች። ማስታወሻዋን ይዛ ስትገላብጥ ነበር።"

"የምን ማስታወሻ?" አልኩ። ቤቱን ስፈትሽ ማስታወሻ አላየሁም።

"ሰማያዊ ነው። ከእጇ አይለይም። የካርዱ ቀን፣ የይለፍ ቃሉ፣ ሁሉም እዚያ ነው።"

እኔና ኦሪን ተያየን። ኦሪን ደከመው መሰለኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "ሜርልንም ጠይቀነዋል፣ ጌለን። ሰኞ ኦማሃ ነው ያደረው።"

ጌለን ሳቁ። ጀርባቸውን ስላመማቸው ሳቁን መሃል ላይ ዋጡት።

"ሜርል ኦማሃ አደረ? ሜርል በሕይወቱ ኦማሃ አድሮ አያውቅም።"

"ደረሰኝ አለው።"

"ደረሰኝማ ይኖረዋል። እኔና ቬርናም ሦስት አለን።" እጃቸውን አነሱ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "በዓመት ይህን ያህል ሌሊት ያደረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ትልቅ እንግዳ ይባላል። ዲሴምበር ላይ ሌሊት የጎደለው ሁሉ ርካሽ ሆቴል ይፈልጋል። ትገባለህ፣ ቁልፍ ትቀበላለህ፣ በሩን ከፍተህ ቁልፉን አልጋው ላይ ትወረውራለህ፣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ሆቴሉ እንዳደርክ ይቆጥርልሃል። ቬርና እኔን መኪናው ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝታ ወስዳኛለች። ሥራው አራት ደቂቃ ነው። መልስ ላይ ሾርባ ገዛችልኝ።"

ኦሪን ቀስ ብሎ ተነሳ። "ፎስ፣ መኪናዋን አሙቂያት።"

*

የኦማሃው ሆቴል ከአየር ማረፊያው አጥር አጠገብ ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የሜርልን ስም ስትሰማ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"አውቀዋለሁ። መናፍስት ነው የምንላቸው። ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ።"

"አልጋው ሳይነካ ነው የተገኘው?" አላት ኦሪን።

"በዚህ ወር ከሃያ አልጋ ስድስቱ አይነካም። ጽዳቶቹ ይወዷቸዋል። የእሱ ይሁን የሌላ ማን ያስታውሳል?"

"በሩስ?"

ኮምፒውተሯን አየች። "ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንዴ ተከፍቷል። ሲወጣ አይመዘገብም። ተኝቶበት ሊሆን ይችላል።"

ሦስት ሰዓት ነድተን የመጣነው ለዚህ ነበር። ኦሪን ባንኮው ላይ በክርኑ ተደግፎ ሳለ፤ ረጅም ሳል ነበር። ልጅቷ ውኃ ሰጠችው።

"ቁርስ ቤት ገብታችሁ ትንሽ አረፍ በሉ" አለችው። "ለእንግዳ ብቻ ነው፤ ግን ማንም አያያችሁም።"

ኦሪን ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። "ለእንግዳ ብቻ ማለት?"

"ትልልቆቹ እንግዶች ሲገቡ እንጠይቃቸዋለን። ቁርስ ይፈልጋሉ ወይስ ሺህ ነጥብ? ቁርስ ካሉ ወረቀት እንሰጣቸዋለን፤ ወረቀት የሌለው አሥራ አራት ዶላር ይከፍላል።"

"ሜርል ኬምፐር ምን መረጠ?"

ልጅቷ ስክሪኑን ሳታይ ፈገግ አለች። "መናፍስት ቁርስ አይበሉም።" ከዚያ ግን አየች፤ ለወጉ። "ነጥብ። በክፍሉም ላይ የተጻፈ ምግብ የለም።"

መልስ ላይ እኔ ነዳሁ። በረዶው መንገዱ ላይ እንደ ጭስ ይሳባል።

"በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ ይለናል" አልኩት።

"ይበለን" አለ ኦሪን፤ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተኛ።

*

ዓርብ ጠዋት ሜርል ራሱ ጣቢያ መጣ። ለሁለታችንም ዶናት ይዞልን ነበር።

"አንድ ትንሽ ነገር ናት" አለው ኦሪን። "የማክሰኞው ዋፍል ስንት ነው?"

"ዋፍሉ? አሥራ ምናምን ዶላር።"

"አሥራ አራት። በየትኛው ካርድ ከፈልክ?"

ሜርል የያዘውን ዶናት አስቀመጠ። ካርድ ቢል ባንኩ መዝገብ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል። ክፍሌ ላይ ተጻፈ ቢል ሆቴሉ አለ።

"ቁርሱን በነጻ መውሰድ ትችል ነበር" አለ ኦሪን በዝግታ። "ወረቀቱን ትተህ ሺህ ነጥብ ወሰድክ። ማንም የማኅበራችሁ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግከው። ከዚያ ጠዋት ተነስተህ ያንኑ ቁርስ ገዛኸው። በምን?"

"በጥሬ ገንዘብ።"

"በጥሬ ገንዘብ።"

"አዎ።"

"ሜርል፣ ቅዳሜ ፓንኬክ ቤት ጓደኞችህን ሰብስቤ ሜርል አሥራ አራት ዶላር በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ አንድ ነጥብ ከፈለ ብላቸው ማን ያምነኛል?"

ሜርል ዶናቱን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ካፒቴኑ የቃሉን ቅጂ ይዞ ወደ ዳኛው ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን ፈተሽን። ሰማያዊው ማስታወሻ በረዶ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከዓሣ ሥር ነበር።

"ለምን አላቃጠልከውም?" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ገርሞኝ ነው የጠየቅሁት።

"ውስጡ ነጥብ ነበረበት" አለኝ። "እንዴት ይቃጠላል?"

የቀረውን ሳንጠይቀው ተናገረ። የቬርናን ነጥብ ለደላላ ሸጧል፤ አራት መቶ ሺህ። እስከ ፀደይ ሊተካላት አስቦ ነበር። ሰኞ ከኦማሃ ሲመለስ መንገድ ላይ ደወለችለት፤ በንጋት፣ ጌለን ሳይነቃ ና አለችው። ማስታወሻዋ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ስለነበር ደረጃው አፍ ላይ ቆመው አወሩ።

"ለባንኩ እነግራለሁ አለችኝ። ክንዷን የያዝኩት እንድትሰማኝ ነው። 'ጌለን' ብላ ተጣራች። እንደማይሰማ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ስትጣራ... ገፋኋት። ወርጄ አየኋት፤ ማስታወሻውን ይዤ ወጣሁ።"

"መብራቱን አጥፍተህ" አለ ኦሪን።

"አጠፋሁት እንዴ?" አለ ሜርል።

*

ጌለንን አሥር ሰዓት ላይ አላመጣናቸውም። ኦሪን ግን አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ። ጌለን ማዳመጫቸውን አስተካክለው "ጠርታኛለች ነው የምትለኝ?" አሉ።

"አዎ" አላቸው ኦሪን። ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ይዘልላት ነበር።

ሜርል የሸጠው ከቬርና ስም ብቻ ነበር። ትልቁን የነጥብ ክምር ቬርና ያስቀመጡት "ጌ" በሚሉት አሥራ ዘጠኝ ካርዶች ላይ ነው። ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ ተኝቶ ለመሄድ ይበቃ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ጌለን ኦሪንን ጠርተው ሁለተኛው ወንበር በእሱ ስም እንዲቆረጥ አደረጉ።

"ፖሊስ ስጦታ አይቀበልም" አላቸው።

"ኤፕሪል ላይ ጡረታ ትወጣለህ አይደል? የምንሄደው ሜይ ነው። ማነው ታዲያ ሻንጣዬን የሚያነሳው?"

ኦሪን ሳቀ፣ ሳለ፣ እሺ አለ። በሕይወቱ ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞተ። ጠረጴዛውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ መሳቢያው ውስጥ አዲስ ፓስፖርት ነበር፣ አንድ ማህተም ያላረፈበት።

ሜይ ላይ ጌለንን በቬርና መኪና ወደ ሚኒያፖሊስ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ኋላ ፍራሹ ላይ ተኝተው ደመና ሲያዩ ነበር። አየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ስንደርስ የሚያስጨንቀኝን ነገርኳቸው።

"ሁለተኛው ትኬት፣ የኦሪን፣ አልተሰረዘም። አሁን ከሰረዙት ነጥቡ ይመለስልዎታል።"

"አውቃለሁ።"

"ግማሹ ነው እኮ። የሁለት ዓመት ልፋት።"

"ቬርና አንድ ነጥብ ስታባክን አይቼ አላውቅም" አሉ። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው መጥቶ ነበር፤ እጄን ይዘው እየተነሱ ነው ያወሩኝ። "ብትሰማ ትገድለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ይባክን።"

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ከሆላንድ መልእክት ደረሰኝ። የሁለት ሕፃናት ፎቶ ነበረበት፤ አንዷ የአያቷን የጆሮ ማዳመጫ ይዛ። ከሥሩ ጌለን እንዲህ ጽፈዋል፦

"አስተናጋጇን የጎኔንም ወንበር እንድትዘረጋው ለመንኳት። ብርድ ልብስ አለበሰችው። ኦሪን ሌሊቱን ሙሉ አንዴም ሳይስል ተኝቶ ደረሰ።"